በደንብ የበሰለው ሙሰል፦ ከካዛንቺስ አንድ ሆቴል የተመዘገበ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

አዲስ አበባ ከባሕር የራቀች፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በካዛንቺስ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሌሊት ተረኛ የሆነ ሐኪም በባሕር ዋቅላሚ (አልጌ) መርዝ የታመመ ሰው ይመጣብኛል ብሎ አይጠብቅም፤ ባይጠብቅም አይፈረድበትም። እዚህ የሚተረከው ጉዳይ ግን በትክክል ይኸው ነው። ማንም አልሞተም፤ ታማሚዎቹ በሙሉ በሦስት ቀን ውስጥ ድነዋል። ጉዳዩ መመዝገብ ያስፈለገው በወጥ ቤቱ፣ በክሊኒኩና በግዢ ክፍሉ የነበሩት ልምድ ያላቸው ሰዎች እያንዳንዳቸው ለሌላ ቀን ትክክል የሚሆን አስተያየት ይዘው ስለነበር ነው። ሁሉንም ያፈረሰባቸው የአንድ ሞለኪውል አሠራር ነው።

የሰዎቹም፣ የሆቴሉም፣ የአስመጪውም ስም አይጠቀስም። እኔ የገባሁበት ሆቴሉ የምግብ ኬሚስትሪ አማካሪ ፈልጎ ስለጠራኝ ነው።

ዳራ

ሆቴሉ ለውጭ አገር እንግዶች ከሚያቀርባቸው ምግቦች አንዱ ሙሰል ነበር። ሙሰል በሁለት ጥቁር ዛጎሎች መካከል የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው። የሚመገበው ውሃ እያጣራ ነው፤ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን በዓይን የማይታዩ ዋቅላሚዎች ይውጣል። ከነዚህ መካከል ዳይኖፊሲስ የሚባለው ዝርያ ኦካዳይክ አሲድ የተባለ መርዝ ይሠራል። መርዙ በእንስሳው የምግብ መፍጫ ዕጢ ውስጥ ይከማቻል፤ እንስሳውን ራሱን ግን አይጎዳውም። ሽታው፣ መልኩና ጣዕሙ ከጤነኛው አይለይም።

በዚያ ምሽት የአንድ መሥሪያ ቤት እንግዶች እራት ተጋብዘው ነበር። በረዶ ሆኖ በአውሮፕላን የገባው ሙሰል በነጭ ሽንኩርት፣ በነጭ ወይንና በሎሚ ተሠርቶ ቀረበ። ከእንግዶቹ 11 ሰዎች በሉት። ሁለት ሰዓት ላይ በልተው ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እየተከታተሉ ታመሙ፤ እኩለ ሌሊት ሲሆን ታማሚዎቹ ሰባት ደርሰው ነበር። ከባድ ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽ፣ ትውከት፣ የሆድ ቁርጠትና ብርድ ብርድ ማለት ነበራቸው። ትኩሳት ግን አንዳቸውም ላይ አልታየም። ሙሰሉን ሳይነኩ ሥጋና ሰላጣ ብቻ የበሉት እንግዶች ደኅና አደሩ።

የክሊኒኳ ሐኪም ፈሳሽ ሰጠች፣ ሰገራ ለምርመራ ላከች፣ አንቲባዮቲክም አዘዘች። አንድ ጥያቄም ለሁሉም ጠየቀች፦ «ከንፈርዎን ወይም የጣትዎን ጫፍ ይደነዝዝዎታል?» ሁሉም አይደነዝዘንም አሉ። ይህ ጥያቄና መልሱ በካርዱ ላይ መጻፉ በኋላ ብዙ ሥራ አቀለለልን። ብዙ ሐኪም አይጠይቀውም።

ችግሩ

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስንቀመጥ በጠረጴዛው ላይ የነበሩት ማብራሪያዎች እርስ በርስ አይገናኙም ነበር።

ዋናው ሼፍ በሙያው ያረጁ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ ሰው ናቸው። «ዶክተር፣ እኔ ጥሬ ነገር ለእንግዳ አቅርቤ አላውቅም። ዛጎሉ አፉን ከፍቶ ሥጋው እስኪሰበሰብ ድረስ ነው ያበሰልኩት» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ምክትላቸው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንደሚፈላ አስታወሰ፤ ምናልባት ሙቀቱ አልበቃ ይሆን? ይህም እውነት ነው፤ ባቄላ የሚቀቅል ሁሉ ያውቀዋል። የግዢ ኃላፊዋ ከአስመጪው የመጣውን የምርመራ ወረቀት አውጥታ «ሁሉም ከወሰን በታች ነው» አለች። አስመጪው በስልክ ጥፋቱን የሆቴሉ ማቀዝቀዣ ላይ ጣለ፤ በዚያ ሳምንት መብራት መጥፋቱን ሰምቷል።

ችግሩ እንግዲህ በሁለት ተከፈለ። የታመሙት በምን ታመሙ? ለጊዜው ይበልጥ የሚያስቸኩለው ደግሞ በግምጃ ቤት የቀረው ሙሰል ምን ይሁን የሚለው ነበር። ሆቴሉ በዚያው ሳምንት ሌላ ድግስ ነበረው፤ ሥራ አስኪያጁም እቃውን «እንደገና በደንብ አብስሎ» የመጠቀም ሐሳብ ነበራቸው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የቀረው ሙሰል በሙሉ ታሽጎ ወደ ጎን እንዲቀመጥ፣ እንዳይጣልም እንዳይበላም አደረግን። ቀጥሎ ማን ምን ያህል እንደበላ በስልክ ተጠየቀ። ካልታመሙት አራት ሰዎች ሦስቱ ከጎረቤታቸው ሳህን ጥቂት ብቻ አንስተው የቀመሱ ሆነው ተገኙ። የታመሙት ሙሉ ሳህን የበሉት ናቸው።

ከወጥ ቤቱ ሠራተኞች አንድም ሰው አልታመመም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት አብዛኞቹ በሃይማኖታቸው ምክንያት አይቀምሱም። ሼፉ ጨው ለመመዘን የቀመሱት መረቁን ብቻ ነው፤ እሱንም በማንኪያ። አንድ ማንኪያ ብዙ ነገር አያረጋግጥም፤ ሆኖም ኋላ ከሚመጣው ጋር ይስማማል።

የተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር በሰዓት ተጣራ። ኖሮቫይረስ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይፈጅበታል፤ እዚህ ደግሞ የመጀመሪያው ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ታሟል። ሳልሞኔላም እንዲህ አይፈጥንም። በሰዓት የሚስማማው ከባድ ተፎካካሪ ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የሚሠራው መርዝ ነበር፤ እሱም ሙቀትን በጣም ይቋቋማል፣ በጥቂት ሰዓትም ያሳምማል። ነገር ግን እሱ ይበልጥ የሚያስመልስ ነው፤ የኛ ታማሚዎች ዋና ችግር ተቅማጥ ነበር። ሙሰሉም ከበረዶ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ድስት፣ ከድስት ወደ ሳህን ስለሄደ መርዙ ሊሠራበት የሚችል የቆይታ ጊዜ አልነበረም። የላቦራቶሪው የባክቴሪያ ምርመራ ከሰገራውም ከተረፈው ምግብም በሽታ አምጪ አላገኘም።

ከባሕር ዋቅላሚ መርዞች መካከል ደግሞ ሳክሲቶክሲን በመደንዘዝ ይጀምራል፤ በሐኪሟ ጥያቄ ወደቀ። ዶሞይክ አሲድ እ.ኤ.አ. በ1987 በካናዳ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ሙሰል ከ100 በላይ ሰዎችን ሲያሳምም ሦስት ሰዎች ሞተዋል፤ ከተረፉትም አንዳንዶቹ የማስታወስ ችሎታቸውን አጥተዋል። እዚህ ግራ መጋባትም መርሳትም አልታየም። ከቀሩት ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ኦካዳይክ አሲድና ዘመዶቹ ናቸው።

ወረቀቱ

የምርመራ ወረቀቱ ላይ ሦስት መርዞች፣ ሦስት ወሰኖች ተጽፈዋል፦ ዶሞይክ አሲድ 20፣ ኦካዳይክ አሲድ 160፣ ሳክሲቶክሲን 800። እነዚህ የአውሮፓ ኅብረት ወሰኖች ናቸው። የግዢ ኃላፊዋ 20 የተጻፈበትን በጣም ጥብቅ የተደረገው መርዝ ነው ብላ አንብባ ነበር፤ እሱን በቀይ አስምራ ሌሎቹን አልፋቸዋለች። ነገር ግን የ20ው መለኪያ ሚሊግራም በኪሎግራም ነው፤ የሌሎቹ ማይክሮግራም በኪሎግራም። ወደ አንድ መለኪያ ሲመጣ ዶሞይክ አሲድ 20,000 ይሆናል፤ በጣም የላላው ወሰን እሱ ነው ማለት ነው። በጣም ጥብቅ የሆነው መሐል ላይ የተቀመጠው 160 ነበር።

ሌላው ጉድለት የተገኘው ባልታሰበ ቦታ ነው። የሙሰሉ ካርቶኖች እቃው ወደ ሆቴሉ ሳጥን ሲገለበጥ ተጥለዋል፤ የምርት መለያ ቁጥሩም አብሮ ሄዷል። የግምጃ ቤት ኃላፊው ግን በማቀዝቀዣ ክፍሉ የሚወዛወዘውን መደርደሪያ ለማስተካከል አንዱን ካርቶን ቀዶ፣ አራት አጥፎ፣ ከመደርደሪያው እግር ሥር ሸጉጦት ነበር። ስናወጣው ረጥቦ ጠርዙ ተልጧል፤ በላዩ የተለጠፈው ወረቀት ግን ይነበባል። ሙሰሉ ከባሕር የወጣበት ቀን የምርመራው ናሙና ከተወሰደበት ቀን ሳምንታት ዘግይቶ ነበር። ወረቀቱ የሌላ ሙሰል ወረቀት ነው። ዳይኖፊሲስ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊበዛ የሚችል ፍጥረት ስለሆነ ያለፈው ወር ንጹሕ ውሃ ስለዚህ ወር ምንም አይናገርም።

ሞለኪውሉ

ማብሰል ለምን እንደማይጠቅም ለሥራ አስኪያጁ ማስረዳት ግድ ነበር፤ ካልሆነ እቃው ወደ ድስት ይመለሳል።

እሳት የምናምነው ብዙ መርዝ ፕሮቲን ስለሆነ ነው። የቦቱሊነም መርዝ ከሚታወቁት ሁሉ የከፋ ቢሆንም በ85 ዲግሪ ለአምስት ደቂቃ ሲሞቅ ይበላሻል፤ ፕሮቲን ቅርጹን የሚይዘው በደካማ ትስስሮች ስለሆነ ሲሞቅ ይፈታል። ኦካዳይክ አሲድ ፕሮቲን አይደለም። 44 የካርቦን፣ 68 የሃይድሮጅንና 13 የኦክስጅን አተሞች ያሉት፣ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 805 የሆነ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ነው። በሰንሰለቱ ላይ ኦክስጅን የያዙ ቀለበቶች ተሰክተዋል፤ ከነሱም አንዳንዶቹ አንድ ካርቦን እየተጋሩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቆላልፈዋል። እነዚህ ጠንካራ ትስስሮች ናቸው። 92 ዲግሪም ሆነ 100 ዲግሪ፣ ማቀዝቀዣም ሆነ ሎሚ አያላቅቃቸውም። የምክትል ሼፉ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ለዚህ መርዝ ግን የአዲስ አበባ ከፍታ ምንም ለውጥ አያመጣም።

እንዲያውም ማብሰል ያባብሳል። ሙሰል ሲበስል ውሃ ይለቅና ሥጋው ይሰበሰባል። ኦካዳይክ አሲድ ስብ ወዳድ በመሆኑ ከውሃው ጋር ብዙም አይወጣም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ግራም ሥጋ የሚገኘው መጠን ይጨምራል። ሳክሲቶክሲን በተቃራኒው ውሃ ወዳድ ነውና ከፊሉ ወደ መረቁ ይወርዳል። በዚያ ምሽት የነበረው ሳክሲቶክሲን ቢሆን ኖሮ መረቁን መቅመስም አያስተማምንም ነበር።

ሰንሰለቱ በአንድ ጫፉ የአሲድ ራስ አለው። ሞለኪውሉ ታጥፎ ያ ራስ ከራሱ ከሰንሰለቱ መካከል ካለ የኦክስጅንና ሃይድሮጅን ቡድን ጋር ይያያዛል፤ እንዲህ ተጠቅልሎ በሴሎቻችን ውስጥ ፎስፌትን ከፕሮቲኖች ላይ የሚያነሡ ሁለት ኢንዛይሞችን ይይዛል፤ ፕሮቲን ፎስፋታዝ 1 እና 2ኤ ይባላሉ። እነሱ ሲታሰሩ በአንጀት ሽፋን ላይ ያሉ ሴሎች እርስ በርስ የሚያያዙበት ይላላል፤ ፈሳሹ ይወጣል። ተቅማጡ ይህ ነው። የአሲድ ራሱ በሜቲል (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ባለው ትንሽ ቡድን) ሲሸፈን መርዝነቱ ይጠፋል። በሰንሰለቱ ሌላ ጫፍ አካባቢ ያለ አንድ ሜቲል ቦታ ሲቀይር ደግሞ ዳይኖፊሲስቶክሲን 2 የሚባለው ዘመዱ ይገኛል፤ አተሞቹ በቁጥር እኩል ሆነው ጉልበቱ ግን የኦካዳይክ አሲድ 0.6 እጅ ተብሎ ይሰላል።

ትልቅ ሞለኪውል ሁሉ ኃይለኛ ነው ማለትም አይደለም። ሳክሲቶክሲን 299፣ ዶሞይክ አሲድ 311 ክብደት አላቸው፤ በአይጥ ሆድ ዕቃ ውስጥ ሲወጋ ግን ሳክሲቶክሲን በኪሎግራም 10 ማይክሮግራም አካባቢ ሲገድል ዶሞይክ አሲድ ከመቶ እጥፍ በላይ ይፈልጋል። አንዱ የነርቭን የሶዲየም በር እንደ ውታፍ ይደፍናል፤ ሌላው ግሉታሜት የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ ይመስላል። 

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እንደሚለው ለአንድ አዋቂ ሰው ሕመም የሚጀምረው ወደ 50 ማይክሮግራም ኦካዳይክ አሲድ ሲገባ ነው። አንዲት የገበታ ጨው ፍሬ ከዚያ ጥቂት ትበልጥ ይሆናል። ይህን ሲሰሙ ያላመኑት ሥራ አስኪያጅ ጨው ከገበታ አስመጥተው አንዲት ፍሬ በጣታቸው ጫፍ ይዘው ረጅም ጊዜ ተመለከቷት። እቃውን አብስሎ የመጠቀሙ ሐሳብ በዚያው ቀረ።

ምርመራው

ከታሸገው ሙሰል ናሙና በአስመጪው በኩል ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ተላከ። የመጀመሪያው ውጤት ኦካዳይክ አሲድ ከወሰን በታች ነው አለ። አስመጪው ደስ አለው፤ ሆቴሉ ግራ ገባው።

የሪፖርቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ ግን የተለካው ነፃው ኦካዳይክ አሲድ ብቻ እንደሆነ በአንዲት መስመር ተጽፏል። ዛጎል ያላቸው እንስሳት መርዙን ሲያከማቹ ከፊሉን ከስብ አሲድ ጋር አጣብቀው ኤስተር ያደርጉታል። የስብ ጅራት የተቀጠለበት ሞለኪውል በመሣሪያው ሚዛን ሌላ ሞለኪውል ነው፤ የሚፈለገውን ክብደት ብቻ የሚጠብቅ መሣሪያ አያየውም። በሰው ሆድ ግን ጅራቱ ይቆረጥና ኦካዳይክ አሲዱ ነፃ ይወጣል። ስለዚህ ናሙናው ከመለካቱ በፊት በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሞቆ ኤስተሩ መሰበር አለበት።

ይህ በጽሑፍ ተጠየቀ። ያው ናሙና ከኤስተር ስብራት በኋላ ሲለካ ጠቅላላ መጠኑ ከወሰኑ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። በወሰኑ ላይ ያለ ሙሰል 200 ግራም ሥጋ 32 ማይክሮግራም ይይዛል፤ እጥፉ 64 ነው። ሙሉ ሳህን የበሉት ለምን እንደታመሙ፣ ጥቂት የቀመሱት ለምን እንዳልታመሙ በዚህ ሒሳብ ግልጽ ሆነ። ከታማሚዎቹ ሰውነት መርዙ ስላልተለካ ድምዳሜያችንን «በጣም የሚያሳምን» ብለን ጻፍነው፤ «የተረጋገጠ» አላልንም።

የሠራውና ያልሠራው

እቃውን ሳይጥሉ ማሸጉ ከሁሉም በላይ ጠቀመ፤ ያለ እሱ ሁለተኛ ምርመራ አይኖርም ነበር። የሐኪሟ ጥያቄም እንዲሁ። ማን ምን ያህል እንደበላ በቶሎ መጠየቁ መልካም ነበር፤ ሰው ከሳምንት በኋላ የበላውን አያስታውስም።

አንቲባዮቲኩ የሚገድለው ባክቴሪያ አልነበረም፤ ፈሳሹና ጊዜው አዳኗቸው። የባክቴሪያ ምርመራው ቀናት ወስዶ «የለም» ሲል ሆቴሉ «የምግባችን ጥራት እንከን የለበትም» የሚል ደብዳቤ ለእንግዶቹ ላከ። ይህ ደብዳቤ በኋላ ካሳ ሲጠየቅ ለሆቴሉ ትልቅ ሸክም ሆኖበታል፤ ባይጻፍ ይሻል ነበር። ከአስመጪው ጋር የነበረው ክርክርም ሁለቱ ውጤቶች ተቃራኒ ናቸው በሚል ተጓተተ፤ ተቃራኒ ሳይሆኑ የተለያየ ነገር የለኩ መሆናቸውን ለማስረዳት ከኬሚስትሪው ይልቅ የሞለኪውሉን ሥዕል በወረቀት ላይ መሣሉ ፈጥኖ ሠራ።

ለሌላው የሚተርፍ ነገር

ከባሕር በራቀ ከተማ የሙሰልን ደኅንነት የሚወስነው የተወጣበት ውሃና የተወጣበት ቀን ነው፤ ወጥ ቤቱ ያንን መለወጥ አይችልም። ስለዚህ ሆቴል ያለው መሣሪያ ወረቀት ብቻ ነው። የሚነበበውም በዚህ ቅደም ተከተል ቢሆን ይመረጣል፦ መጀመሪያ የካርቶኑና የወረቀቱ የምርት መለያ ቁጥርና ቀን ይመሳሰላሉ ወይ፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ ቁጥር በምን መለኪያ ተጻፈ፤ ከዚያ ኦካዳይክ አሲዱ ጠቅላላ ነው ወይስ ነፃው ብቻ። «ከወሰን በታች» የሚለውም እንደ ሙሉ ዋስትና መወሰድ የለበትም። ያው የአውሮፓ ባለሥልጣን አንድ ሰው በአንድ ጊዜ 400 ግራም ከበላ ኦካዳይክ አሲዱ በኪሎግራም ከ45 ማይክሮግራም ባይበልጥ እንደሚሻል አስልቷል፤ ሕጉ ግን 160 ላይ ነው። ሳህኑን ማሳነስ ሆቴሉ በእጁ ያለ ጥንቃቄ ነው።

ሐኪሞች ትኩሳት በሌለው፣ በጥቂት ሰዓት በጀመረና የባሕር ምግብ በተበላበት ተቅማጥ ላይ ስለ መደንዘዝና ስለ መርሳት ቢጠይቁ ሁለት ደቂቃ አይፈጅባቸውም።

ይህ የሩቅ ባሕር ነገር ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በቆቃ ሐይቅ በብዛት የሚታየው ማይክሮሲስቲስ የሚሠራው ማይክሮሲስቲን ከኦካዳይክ አሲድ ጋር በመልክ አይገናኝም፤ ሰባት አሚኖ አሲዶች በክብ የተያያዙበት ነው። የሚያስረው ግን እነዚያኑ ሁለት ኢንዛይሞች ነው፤ ወደ ጉበት ሴሎች የሚያስገባው በር ስላለው ጉዳቱ ጉበት ላይ ያርፋል። እሱም በመፍላት አይጠፋም። የሐይቅ ውሃ አፍልቶ መጠጣት ለባክቴሪያ እንጂ ለዚህ አይሆንም።

በሆቴሉ የግዢ ቅጽ ላይ አሁን ሦስት አዲስ ሳጥኖች አሉ፤ ካርቶኖቹም እቃው እስኪያልቅ አይጣሉም። የሚቀጥለው የሙሰል ጭነት ሲመጣ ወረቀቱ «ጠቅላላ» የሚለውን ስላልጻፈ የግዢ ኃላፊዋ ከበር መልሳዋለች። የካሳው ጉዳይ በሆቴሉና በአስመጪው መካከል ገና አልተዘጋም።